በቫን እየኖሩ መሥራት፦ የ200 አምፔር ሰዓት ሊቲየም ባትሪ ከ17 ወር አገልግሎት በኋላ

ባለቤቴና እኔ ለጡረታ ገና ስምንት ዓመት ሲቀረን ቤታችንን ለቅቀን ቫን ውስጥ መኖር የጀመርን ሰዎች ነን። እኔ የሦስት አነስተኛ ድርጅቶችን ሂሳብ በርቀት እይዛለሁ፤ እርሷ ደግሞ ሰነዶችን ትተረጉማለች። ጡረታ ወጥቶ የሚዞር ሰው ባትሪው ቢያልቅበት ቀደም ብሎ ይተኛል፤ እኛ ግን ባትሪ ሲያልቅብን የሚቋረጠው ገቢያችን ነው። ስለዚህ ከ17 ወር በፊት ያስገጠምነውን 200 አምፔር ሰዓት የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ለደንበኛ «ነገ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ እገኛለሁ» ብዬ ቃል ስገባ፣ ቃሌን እንድጠብቅ ያስችለኛል ወይ?

ባትሪው ብቻውን ስለማይሠራ አብረውት ያሉትን ዕቃዎችም መጥቀስ ያስፈልጋል። ጣሪያው ላይ እያንዳንዳቸው 200 ዋት የሆኑ ሁለት የሶላር ፓናሎች ተኝተዋል፤ ከእነርሱ የሚመጣውን ኃይል ኤምፒፒቲ የሚባለው ዓይነት ቻርጅ ኮንትሮለር ለባትሪው በሚስማማ ቮልት ያደርሰዋል። መኪናው በሚነዳበት ጊዜ ደግሞ ከዲናሞው ተቀብሎ 30 አምፔር ብቻ የሚያሳልፍ ቻርጀር አለ። ይህን ቻርጀር ትቼ ባትሪውን በቀጥታ ከዲናሞው ጋር እንዳገናኝ የመከሩኝ ሰዎች ነበሩ። የሊቲየም ባትሪ የውስጥ ተቃውሞው በጣም አነስተኛ በመሆኑ የተሰጠውን ሁሉ ይስባል፤ ዲናሞውም በተለይ መኪናው ቆሞ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር በቂ አየር ስለማያገኝ ከመጠን በላይ ግሎ ሊቃጠል ይችላል። ምክሩን ባለመቀበሌ እስከ ዛሬ አልተጸጸትኩም።

የባትሪው ስመ ቮልት 12.8 ስለሆነ ሙሉ ሲሆን 2,560 ዋት ሰዓት ይይዛል። ይህ ቁጥር ከሽያጭ ወረቀቱ ላይ ሳነበው ምንም አልነገረኝም ነበር፤ ትርጉም የሰጠኝ ወደ ሥራ ሰዓት ስመነዝረው ነው። በአንድ የሥራ ቀን ሁለቱ ላፕቶፖች ከተጨማሪው ስክሪን ጋር 800 ዋት ሰዓት ገደማ ይወስዳሉ፤ ፍሪጁ እንደ ሙቀቱ ከ400 እስከ 500፣ ራውተሩ፣ መብራቱና ማራገቢያው ደግሞ ተደምረው 200 ያህል ይፈልጋሉ። በጠቅላላው እስከ 1,500 ይሆናል ማለት ነው። ከፀሐይ አንዲት አምፔር ባትገባ እንኳ አንድ ቀን ተኩል ሳንጨነቅ እንሠራለን፤ ሁለተኛው ቀን ሳያልቅ ግን ወይ መንዳት አለብን፣ ወይ ኤሌክትሪክ ያለበት የመኪና ማረፊያ ውስጥ ገብተን ገመድ መሰካት አለብን።

ከዚህ በፊት ቫኑ ውስጥ ከነበረው የአሲድ ባትሪ ጋር ሳነጻጽረው ልዩነቱ ሰፊ ነው። የአሲድ ባትሪ ዕድሜው እንዲረዝም ከተፈለገ ከግማሽ በታች ባይወርድ ይመረጣል፤ ስለዚህ 200 አምፔር ሰዓት ተብሎ የተገዛው በተግባር እንደ 100 ነው የሚያገለግለው። አሁን በምጠቀምበት ልክ የሚሠራ የአሲድ ባትሪ ለመትከል ብሞክር ክብደቱ ከ100 ኪሎ ግራም ያልፍ ነበር። ይሄኛው 23 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን ብቻዬን አንሥቼ ቦታው አስገብቼዋለሁ።

ስለ አመጣጡ ጥቂት ማንበቤም አልቀረም። ሊቲየም አይረን ፎስፌት ለባትሪ እንደሚሆን በአደባባይ የታወቀው ጆን ጉድኢናፍ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት ነው። ሰውየው ያን ጊዜ 74 ዓመታቸው ነበር፤ በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ሲጋሩ ደግሞ 97። ስለ ጡረታ ዕድሜ አብዝቼ በማሰላበት ምሽት ይህን ማንበቤ አሳቀኝም፣ ትንሽ አሳፈረኝም። ለቫን ነዋሪ ዋናው ቁም ነገር ግን ይህ ውህድ ስልክና ላፕቶፕ ውስጥ በብዛት ከሚገኙት ኮባልት ያለባቸው የሊቲየም ባትሪዎች ይልቅ ሙቀትን የተሻለ መቋቋሙ ነው፤ አልጋችን በቀጥታ ከባትሪው በላይ ስለሆነ ነገሩ የምርጫ ጉዳይ አልነበረም።

ወደ ችግሮቹ ልለፍ። የመጀመሪያው ከባድ ስህተት የእኔው ነበር። ለሁለት ወር ያህል የባትሪውን ቀሪ ኃይል የምከታተለው በቮልት መለኪያ ብቻ ነበር፤ በአሲድ ባትሪ የለመድኩት እርሱን ነውና። የዚህ ባትሪ ቮልት ግን ከሞላ ጎደል ሙሉ ሆኖም ሲሦው ብቻ ቀርቶም 13 አካባቢ ይቆያል፣ ከዚያ በኋላ በድንገት ይወድቃል። የወር ሂሳብ በምንዘጋበት ቀን ከአንድ ደንበኛዬ ጋር በቪዲዮ እየተነጋገርን ሳለ ፍሪጁ ድምፁን አጠፋ። ልብ ያልኩት እርሱን ነው። ቀጥሎ የራውተሩ አረንጓዴ መብራት ጠፋ፤ ላፕቶፑ በራሱ ባትሪ ስለሚሠራ ግን ስክሪኑ አልጠፋም፣ ደንበኛዬ እጃቸውን ወደ መነጽራቸው እንዳነሡ ደርቀው ቀሩ። የባትሪው የውስጥ መቆጣጠሪያ፣ ቢኤምኤስ የሚባለው፣ ሴሎቹ ከሚገባው በታች እንዳይወርዱ ሲል ዘግቶታል። መቆጣጠሪያው ሥራውን በትክክል ሠርቷል፤ እኔ ግን በስልኬ ዳታ ተመልሼ እስክገናኝ አሥራ አንድ ደቂቃ አለፈ፣ በሚቀጥለው ወርም ያ ደንበኛ ሥራውን «ቢሮ ላለው ሰው» ለመስጠት መወሰናቸውን በትሕትና ጻፉልኝ።

በዚያው ሳምንት በባትሪው አሉታዊ ተርሚናል ላይ የሚገጠም ሻንት የሚባል የአምፔር መለኪያ ያለው ቆጣሪ አስገባሁ። ቆጣሪው የሚገባውንና የሚወጣውን አምፔር ስለሚደምርና ስለሚቀንስ ቀሪውን በመቶኛ ይነግራል። ይህ ዕቃ ከባትሪው ጋር አብሮ መሸጥ የነበረበት ነው ብዬ አምናለሁ። እርሱም ቢሆን ፍጹም አይደለም፤ ጥቃቅን ስህተቶቹ ስለሚጠራቀሙ ባትሪው አልፎ አልፎ ጢም ብሎ ካልሞላ በስተቀር ቁጥሩ ከእውነቱ እየራቀ ይሄዳል። ደመና በበዛባቸው ሁለት ሳምንታት ቆጣሪው 38 በመቶ ቀርቷል እያለኝ ባትሪው ሊዘጋ ጥቂት ቀርቶት ደርሼበታለሁ። አሁን በየአሥር ቀኑ ሙሉ በሙሉ መሙላቱን አረጋግጣለሁ።

ሁለተኛው ችግር ብርድ ነው። ተራራ ላይ ባደርንበት አንድ ማለዳ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ፀሐዩ ፓናሎቹ ላይ አርፎ ሳለ ወደ ባትሪው የሚገባው አምፔር ዜሮ ነበር። ፓናሎቹን ጠረግሁ፣ ፊውዞቹን አንድ በአንድ አየሁ፣ ጣሪያው ላይ ወጥቼ ማገናኛዎቹን ነካካሁ። ለካ ባትሪው ከኋላ በር ሥር ባለው ሳጥን ውስጥ ሆኖ ከዜሮ ዲግሪ በታች ቀዝቅዟል። በዚህ ሙቀት ላይ ይህን ዓይነት ባትሪ ቻርጅ ማድረግ ሊቲየሙ በብረትነቱ በአሉታዊው ኤሌክትሮድ ላይ እንዲለበጥ ስለሚያደርግ ሴሉን እስከ ወዲያኛው ይጎዳዋል፤ ቢኤምኤሱ መግቢያውን የዘጋው ለዚህ ነው። ሻጩ «በማንኛውም ብርድ ይሠራል» ብሎኝ ነበር። ኃይል ለማውጣት በመጠኑ እውነቱን ነው፣ ከዜሮ በታችም ይሰጣል፤ ስለ መሙላት ግን አንድም ቃል አልተነፈሰም። ባትሪውን ወደ መቀመጫው ሥር፣ እኛ የምንተነፍሰው አየር ወደሚያሞቀው ቦታ ካዛወርኩት በኋላ ችግሩ አልተመለሰም፤ ግን ኬብሎቹን በሙሉ እንደ አዲስ ቆርጬ መሥራት ነበረብኝ። ዛሬ ብገዛ ውስጡ ማሞቂያ ያለውን እመርጣለሁ።

ሦስተኛውን የማነሣው ሊያቃጥለን ይችል ስለነበር ነው። በአምስተኛው ወር፣ ድንጋያማ መንገድ ለሦስት ቀን ከነዳን በኋላ፣ ባለቤቴ የጋለ ፕላስቲክ ይሸተኛል አለች። መቀመጫውን አንሥቼ ሳየው በአዎንታዊው ተርሚናል ላይ ያለው ብሎን በጣቴ የሚዞር ሆኗል፤ የኬብሉ ቀይ ልባስም አንድ ጣት ያህል ወደ ቡኒ ተለውጦ እንደ ደረቀ ቆዳ ተሰነጣጥቋል። በ12 ቮልት ሥርዓት 1,000 ዋት መጠቀም ከ80 አምፔር በላይ መሳብ ማለት ስለሆነ የላላ መጋጠሚያ ወዲያው ይግላል፤ ፊውዝ ደግሞ የሚቆርጠው ኃይል ከልክ ሲያልፍ እንጂ መጋጠሚያ ሲግል አይደለም። ከዚያ ወዲህ በየወሩ መጀመሪያ ብሎኖቹን በቁልፍ እፈትሻለሁ፤ ደረሰኝ በምልክበት ቀን ስለማደርገው አልረሳውም።

የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ኢንቨርተር ያሳዘነኝ በብክነቱ ነው። ምንም ሳይሰካበት፣ እንዲሁ በርቶ ብቻ፣ 18 ዋት ይበላል። በ24 ሰዓት 432 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ ሌላ ፍሪጅ ማለት ነው። ላፕቶፖቹን በቀጥታ ከ12 ቮልቱ በሚሞሉ የዩኤስቢ ሲ ቻርጀሮች ላይ ካዞርናቸው በኋላ ኢንቨርተሩን የምናበራው ስክሪኑን ስንጠቀም ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ሲስተካከል ባትሪው የሥራ ቀናችንን ቅርጽ ለወጠው። ከባድ ሥራ፣ ረጅም ስብሰባና ስልክ መሙላት ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይሆናል፤ ማንበብና ማረም ወደ ምሽት ይሄዳል። የሚያስቸግረው ማቆሚያ መምረጥ ነው። በሞቃት ወራት ሰውነት ጥላ ይፈልጋል፣ ፓናሉ ደግሞ ፀሐይ ይፈልጋል፤ በተከታታይ የተያያዙ ፓናሎች ላይ የአንድ ቅርንጫፍ ጥላ እንኳ ከሚገመተው በላይ ኃይል ይቀንሳል። የሚታጠፍ ባለ 100 ዋት ፓናል በአሥር ሜትር ገመድ ጨምረን መኪናውን ጥላ ውስጥ፣ ፓናሉን ሜዳ ላይ ማድረግ ጀመርን፤ ግማሽ መፍትሔ ነው፣ ንፋስ ሲነሣ ሮጦ መያዝ ያስፈልጋልና። ቀኑ በሚያጥርበት ወራት ግን ጠፍጣፋ የተኛው ፓናል በበጎው ወቅት ከሚሰጠው ሲሦውን ቢሰጠን ነው። ያን ጊዜ በየሁለት ቀኑ ሁለት ሰዓት መንዳት ግድ ይሆናል፤ ነዳጁም የሥራ ወጪያችን ሆኖ በሂሳብ መዝገባችን ላይ ይሰፍራል።

ገቢያችንን በተመለከተ፣ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ከቀድሞው በአንድ አራተኛ ቀንሶ ነበር፤ አሁን ወደ ቦታው ተመልሷል። ያስመለሰው ባትሪው ብቻ አይደለም፤ ክፍያዬን ከሰዓት ወደ ቋሚ ወርኃዊ መቀየሬና በወሩ የመጨረሻ አራት ቀናት መኪናውን ጨርሶ አለማንቀሳቀሳችን ይበልጥ ረድቷል። ከቅጥር ስለወጣን ለጡረታችን መዋጮ የሚያስገባልን ቀጣሪ የለም፤ ስለዚህ ከየደረሰኙ የተወሰነውን ቀድመን እናስቀምጣለን። ቤት ኪራይ ቀረልኝ ብሎ ይህን የሚዘነጋ ሰው ስምንቱን ዓመት ተዝናንቶ ዘጠነኛው ላይ ይደናገጣል። ኤሌክትሪኩን መቀየራችንንም ለመኪናው ኢንሹራንስ በጽሑፍ አሳውቀናል።

በ16ኛው ወር የባትሪውን አቅም ለክቼ ነበር፤ ሙሉ አድርጌ በተመጠነ ጭነት እስኪዘጋ አወረድኩት። በመጀመሪያው ወር 203 አምፔር ሰዓት የሰጠው አሁን 197 ሰጠ። በእኔ ስሌት እስካሁን 250 ያህል ሙሉ ዙር፣ ማለትም ሞልቶ መውረድ፣ ሠርቷል፤ ወረቀቱ 3,000 ዙር ስለሚል በዚህ አካሄድ ከእኛ ጡረታ በኋላም ሊያገለግል ይችላል። የስልክ መተግበሪያው ግን የማይረባ ነው፤ ከሦስት ጊዜ አንዱን አይገናኝም፣ ቀሪ ኃይሉንም ከቆጣሪው የተለየ ያሳያል። ከስልኬ አጥፍቼዋለሁ።

በየቀኑ ሦስትና አራት ሰዓት የሚነዳ ወይም ሥራው በስልክ ብቻ የሚያልቅ ሰው ግማሹ ይበቃዋል፤ ገንዘቡን ለቆጣሪና ለወፍራም ኬብል ቢያውለው ይሻላል። ሁለት ሰዎች በስክሪን ፊት ሙሉ ቀን ለሚውሉበት ቫን ግን ከዚህ ያነሰ አልመክርም። ባለቤቴ ከብርዱ ወራት በፊት ሁለተኛ ባትሪ እንጨምር ትላለች። እኔ የተቃወምኩት በቁጥር ነው፦ ባለፈው የብርድ ወቅት ባትሪው ሞልቶ ፀሐይ የባከነበት ቀን በቆጣሪው መዝገብ ላይ አራት ብቻ ነው፤ የጎደለን ማጠራቀሚያ ሳይሆን የሚጠራቀም ነው። በማራገቢያውና በፊተኛው መስታወት መካከል ያለውን ባዶ የጣሪያ ቦታ ትናንት ለካሁት፤ 100 ዋት ፓናል ይገባበታል።