የታከመ ፍሳሽን ወደ ከርሰ ምድር መመለስ፦ በኩሬ ማስረግ ወይስ በጉድጓድ ማስገባት?

ከደሴ በኩል ወርዶ ኮምቦልቻን የሚያቋርጠው የቦርከና ወንዝ የሁለቱን ከተሞች ፍሳሽ ተሸክሞ ይሄዳል። ይህ ፍሳሽ ታክሞ የከርሰ ምድር ውኃን ይተካ ቢባል የሚቀርቡት ዋና መንገዶች ሁለት ናቸው።

አንደኛው ውኃውን በሰፋፊ ኩሬዎች አቁሮ በአፈር ውስጥ ቀስ እያለ እንዲሰርግ ማድረግ ሲሆን፣ በካሊፎርኒያ ሞንቴቤሎ ፎርቤይ ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራበታል። እዚህ አፈሩ ራሱ ማጣሪያ ነው፦ ጀርሞችን ይይዛል፤ በውስጡ ያሉ ረቂቅ ሕዋሳት ብስባሹን ይበላሉ፤ ኦክስጅን በሚያንስበት ጥልቀትም ናይትሬት የተባለው በካይ ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ይለወጣል። የሟሟ ጨው ግን ሳይያዝ ያልፋል፤ ቆዳ ለማልፋት እንደሚውለው ክሮሚየም ያለ ከባድ ብረትም በአፈሩ ውስጥ ይከማቻል። የቆዳና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ባሉባት ኮምቦልቻ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ሁለተኛው በጉድጓድ በቀጥታ ማስገባት ነው። አፈሩ ስለሚታለፍ ማጣራቱ ሁሉ አስቀድሞ ማለቅ አለበት። በካሊፎርኒያ ኦሬንጅ ካውንቲ ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ ውኃው በረቂቅ ማጣሪያ፣ በሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውኃውን በግፊት በስስ ገለፈት አሳልፎ ጨውን የሚያስቀር ዘዴ) እና በአልትራቫዮሌት ጨረር ካለፈ በኋላ ከፊሉ በጉድጓድ ይገባል። የሚገርመው፣ እጅግ የጠራ ውኃም የራሱ አደጋ አለው፤ ማዕድኑን ያጣ ውኃ ከዐለቱ አርሴኒክ የተባለውን መርዝ ሊያሟሟ ስለሚችል ኖራ ይጨመርበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው የአርሴኒክ መጠን በሊትር 10 ማይክሮግራም ብቻ ነው። የዚህ ዘዴ የኤሌክትሪክ ፍጆታም ከባድ ነው።

እኔ ለኮምቦልቻ ኩሬውን እመርጣለሁ፤ ይህን የምለው ግን የፋብሪካው ፍሳሽ ከቤት ፍሳሽ ተለይቶ ለብቻው የሚታከም ከሆነና የመጠጥ ጉድጓዶች ከኩሬው በበቂ ርቀት ከተቆፈሩ ብቻ ነው።