ሰርግ አምሽቶ ኮብልስቶን የሚያስኬድ ጫማ፦ ባለ 5 ሳንቲሜትር ታኮዬ ከወራት በኋላ

ጥቁር የቆዳ ጫማ ነው። ታኮው ወፍራም፣ ቁመቱ 5 ሳንቲሜትር፣ ፊቱ ክብ፣ ቁርጭምጭሚት ላይ በዘለበት የሚታሰር። የአገር ውስጥ ሥራ ነው፤ ከገና በፊት መርካቶ ገዛሁት። የጥር ሰርጎችንና መልሶችን አይቷል፤ ከፋሲካ በኋላ ያሉትንም እንደዚሁ። አሁን ክረምት ገብቷል።

ለማታ ፕሮግራም ካደረግኳቸው ጫማዎች ሁሉ ሳላወልቀው ያመሸሁት ይሄን ብቻ ነው። ሰርግ ላይ ያለውን ታውቁታላችሁ። ኬክ ሳይቆረስ ግማሹ ሴት ጠረጴዛ ስር ጫማውን አውልቆ ከፌስታል ነጠላ ጫማ ያወጣል። በጥር አንድ ሰርግ ላይ የጉራጊኛው ዘፈን ሲመጣ እኔም ገባሁበት። በባዶ እግሯ የምትጨፍረው የአክስቴ ልጅ ወደ እግሬ አየት አድርጋ «አንቺ፣ እስካሁን አላወለቅሽም እንዴ?» አለችኝ። እንደታሰረ ነበር።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ታኮ ከፍ ባለ ቁጥር የሰውነት ክብደት ወደ ፊት፣ ወደ ጣቶቹ ስር ይሄዳል። ጫማው ሹል ከሆነ ደግሞ ጣቶቹ ተጨናንቀው ነው ያንን ሁሉ የሚሸከሙት። አውራ ጣት ወደ ሌሎቹ ተጣሞ ከስሩ ያለው አጥንት ወጣ ያለባት ሴት፣ እንዲህ ያለ ጫማ ያባብስባታል። ረጅም ታኮ ሳታወልቅ ዓመታት የቆየች ሴት የባቷ ጡንቻ ስለሚያጥር ጠፍጣፋ ጫማ ራሱ ሊያማት ይችላል። በኔ ጫማ ውስጥ ግን ጣቶቼ እንደልብ ይንቀሳቀሳሉ። ከረጅሙ ጣቴ ፊትም የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ይተርፋል።

ለኛ ለከተማ ዳር ሰዎች ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። እዚህ ቱሉ ዲምቱ ከኮንዶሚኒየሙ እስከ ታክሲ መያዣው ኮብልስቶን ነው። ቀጭን ታኮ ድንጋዮቹ መሃል ይሰነቀራል። ማታ መብራት በሌለበት እግር ወለም ለማለት አንድ እርምጃ ይበቃዋል። ወፍራሙ ታኮ ድንጋዩ ላይ ሙሉ ለሙሉ ያርፋል፤ ማሰሪያው ተረከዜን ስለሚይዘው ጫማው እንዳይወልቅ ብዬ ጣቶቼን አልጨማድድም። ጫማ ስትመርጡ የአዳራሹን ምንጣፍ ብቻ ሳይሆን የምትመለሱበትን መንገድም አስቡ።

እንከን አለው። መጀመሪያ ሰሞን ተረከዜ ላይ ውሃ ቋጥሮብኝ ነበር። ካልሲ አድርጌ ቤት ውስጥ እየተንጎራደድኩ ነው ያለሰለስኩት። ቆዳ በስፋቱ ትንሽ ይለቃል፤ ርዝመቱ ግን አይጨምርም። ሻጭ «ስትለብሺው ይሰፋል» ቢላችሁ ጣታችሁ ጫፉን የሚነካውን ቁጥር አትውሰዱ። የታኮው ጎማ በውጭ በኩል ተበልቶ የሰፈራችን ጫማ ሰፊ ቀየረልኝ። የውስጥ ገበሩ ተረከዝ ጋ መላቀቅ ጀምሯል። ትልቁ ቅሬታዬ ግን ሶሉ ነው፤ ልሙጥ ስለሆነ እርጥብ ሴራሚክ ላይ ያንሸራትታል። ጎማ አስለጥፌበታለሁ፣ ከዚያ ወዲህ ደህና ነው። ጭቃ ሲነካው በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ፣ ጋዜጣ ጠቅጥቄ ጥላ ውስጥ አደርቀዋለሁ። ፀሐይና ምድጃ ቆዳውን ያደርቁትና ይሰነጣጥቁታል።

መግዛት ያለባችሁ ከሰዓት በኋላ ነው፤ እግር ሲውል ያብጣል። ሁለቱንም አድርጋችሁ ቁሙ፣ ተራመዱ። የሁለቱ እግር መጠን እኩል ስለማይሆን ለትልቁ ግዙ። ከዚያ ጫማውን በእጃችሁ እጠፉት። ጣት የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ከታጠፈ ጥሩ፤ ወገቡ ላይ ከታጠፈ ተዉት።

እናቴ ጫማውን ወዳው «ለኔም ፈልጊልኝ» ብላኝ ነበር። እሷ ግን ስኳር አለባት። ስኳር የእግርን ነርቭ ሲጎዳ ጫማ እያቆሰለ እንኳ ላይሰማ ይችላል። ስለዚህ ታኮ ያለው አልገዛሁላትም። ሰፊ፣ ጠፍጣፋ፣ ውስጡ ስፌት የማይቆረቁር ጥቁር ቆዳ አገኘንላት። ከሰርግ ስንመለስ ጫማዋን አስወልቄ ጣቶቿን መሃል ለመሃል አያለሁ፣ የውስጥ እግሯንም እንደዚሁ።