አዲስ ሴሌሮን ወይስ ያገለገለ ኮር አይ ፋይቭ? ድሬ ላይ ለቤት ላፕቶፕ ለምትገዙ

ድሬ ያለው ታይዋን ገበያ ገብታችሁ "ለቤት የሚሆን፣ ዋጋው የማይከብድ ላፕቶፕ" ስትሉ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓይነት ነው የሚቀርብላችሁ። አንዱ ካርቶኑ ያልተከፈተ አዲስ ነው። ቀጭን ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ውስጡ ሴሌሮን የሚባል ፕሮሰሰር (ሥራውን የሚሠራው ዋናው ቺፕ)፣ 4 ጊጋ ራም (የተከፈተው ሥራ ለጊዜው የሚያዝበት) እና 64 ጊጋ ማከማቻ አለው። ሌላው ውጭ አገር ቢሮ ውስጥ ጥቂት ዓመት ሠርቶ የመጣ፣ ጥጉ ትንሽ የተጫረ ዴል ላቲቲውድ፣ ኤችፒ ኤሊትቡክ ወይም ሌኖቮ ቲንክፓድ ነው። ዋጋቸው ብዙ ጊዜ ተቀራራቢ ነው። ብዙ ቤተሰብ አዲሱን ይዞ ይወጣል፣ አዲስ ስለሆነ ብቻ። እኔ ግን በደንብ ታይቶ ከተገዛ ለቤት የሚሆነው ያገለገለው ነው ባይ ነኝ። ለምን እንደሆነ ጎን ለጎን ላስቀምጥላችሁ፣ አዲሱ የሚበልጥበትንም አልደብቅም።

ዋጋ በብር አልጽፍም። ከሐምሌ 2016 ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በገበያ መወሰን ከጀመረ ወዲህ የላፕቶፕ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ዛሬ የማስቀምጠው ቁጥር ነገ ያሳስታችኋል። ሁለት ሦስት ሱቅ ጠይቁ፣ የቴሌግራም ቻናሎችንም ተመልከቱ፣ ከዚያ ተከራከሩ።

ለቤት ስል ልጆች አሳይመንት የሚሠሩበት፣ አባት ወይም እናት ደብዳቤ የሚጽፉበት፣ ማታ ፊልም የሚታይበት፣ ውጭ ካሉ ዘመዶች ጋር በቪዲዮ የሚወራበት፣ የሠርግና የልደት ፎቶ የሚቀመጥበት ማለቴ ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ካለም የመውጫ ፈተናው በኮምፒውተር ስለሆነ ቀድሞ ከማውዝና ከኪቦርድ ጋር ቢላመድ ይጠቅመዋል። ቪዲዮ ኤዲት የሚያደርግ ወይም ከባድ ጌም የሚጫወት ሰው ግን ሌላ ዓይነት ማሽን ነው የሚያስፈልገው።

ፍጥነት

እዚህ ላይ ውድድር የለም። ርካሾቹ አዲሶች ውስጥ ብዙ ጊዜ የምታገኙት ሴሌሮን ኤን 4020 ወይም ኤን 4500 ነው፣ ሁለቱም ባለ 2 ኮር ናቸው፤ ኮር ማለት ፕሮሰሰሩ ውስጥ ሥራውን የሚሠራው ክፍል ነው። ያገለገለው ውስጥ ያለው ኮር አይ ፋይቭ 8350 ዩ ግን ባለ 4 ኮር ነው፣ እያንዳንዱ ኮርም ሁለት ሥራ ባንድ ጊዜ ይይዛል። ቤት ውስጥ ምን እንደሚሆን አስቡት። ክሮም ላይ አምስት ስድስት ገጽ ተከፍቷል፣ ቴሌግራም ከጀርባ አለ፣ ልጁ ወርድ ላይ እየጻፈ ነው። ዊንዶውስ 11 ገና ሲነሳ ከ4 ጊጋው ራም ግማሹን ያህል ራሱ ይይዘዋል። የቀረው ለዚህ ሁሉ አይበቃም፣ ማሽኑ መንቀርፈፍ ይጀምራል፣ ልጁም ተናዶ ወደ ስልኩ ይመለሳል።

ማከማቻውም ሌላ ጣጣ ነው። የአዲሱ ርካሽ ማከማቻ ብዙውን ጊዜ ኢኤምኤምሲ የሚባለው ነው፤ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ፣ ኤስኤስዲ ከሚባለው ፈጣን ማከማቻ በጣም የሚዘገይ። ከ64 ጊጋው ዊንዶውስ ብዙ ቦታ ይወስድና ትልቅ አፕዴት ሲመጣ "ቦታ የለም" ይላችኋል። ራሙም እንዲሁ የተበየደ ከሆነ ከዓመት በኋላ "ትንሽ ላሳድገው" ብትሉ አይቻልም። የገዛችሁት ቀን የነበረው እንዳለ ይቀራል። ካርቶኑ ላይ "1 ቴራ" የሚል ካያችሁም ደግሞ ጠይቁ፤ አንዳንዶቹ ላይ እሱ ኢንተርኔት ላይ ለአንድ ዓመት የሚሰጥ የክላውድ ቦታ እንጂ ማሽኑ ውስጥ ያለ ማከማቻ አይደለም።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ ብዙ ሰው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው የሚያውቀው። አንዳንድ አዲስ ርካሽ ላፕቶፖች "ኤስ ሞድ" በሚባል ዊንዶውስ ነው የሚመጡት። ይኼ ከማይክሮሶፍት ስቶር ውጭ ያለ ፕሮግራም አይጭንም። ፓወር ግዕዝ ልጫን ብትሉ እምቢ ይላችኋል። ከሴቲንግ ውስጥ በነጻ ማውጣት ይቻላል፤ ማንም ገንዘብ እንዳያስከፍላችሁ።

ጄኔሬሽኑን ሳታዩ ብር አትቁጠሩ

ያገለገለ ገበያ ውስጥ ትልቁ ወጥመድ ይኼ ነው። ሻጩ "ኮር አይ ሰቨን ነው!" ይላችኋል፣ እናንተም ሰቨን ከፋይቭ ይበልጣል ብላችሁ ትደሰታላችሁ። ግን ጄኔሬሽኑ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ የስንተኛው ትውልድ እንደሆነ፣ ይወስናል፤ 4ኛ ጄኔሬሽን አይ ሰቨን ከ8ኛ ጄኔሬሽን አይ ፋይቭ ያንሳል። ጄኔሬሽኑን የሚነግራችሁ ከስሙ ቀጥሎ ያለው ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ነው። 6300 ከሆነ 6ኛ፣ 7300 ከሆነ 7ኛ፣ 8250 ወይም 8350 ከሆነ 8ኛ ነው። ላዩ ላይ የተለጠፈውን ስቲከር አትመኑ፣ ስቲከር ይቀየራል። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ "አባውት" የሚለው ላይ አንብቡት።

8ኛን ድንበር ያደረግሁት በምክንያት ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከ8ኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ያለውን የኢንቴል ፕሮሰሰር ነው። ከዚያ በታች ባለው ላይ አንዳንድ ባለሙያ የዊንዶውሱን ፍተሻ አልፎ ሊጭንላችሁ ይችላል፣ ይሠራልም፣ ግን ማይክሮሶፍት ለእንዲህ ያለው ማሽን የአፕዴት ዋስትና አይሰጥም። ባንክ በምትከፍቱበት ኮምፒውተር ላይ ይኼ ቀላል ነገር አይደለም። ከ7ኛ ወደ 8ኛ ሲኬድ ደግሞ የእነዚህ ላፕቶፖች ፕሮሰሰር ከ2 ኮር ወደ 4 ኮር ነው የዘለለው። ስለዚህ ትንሽ ጨምራችሁም ቢሆን 8ኛን ያዙ።

የድሬ ሙቀትና አቧራ

አዲስ አበባ ያለ ሰው የሚሰጣችሁ ምክር እዚህ ላይ አይበቃም። ድሬ በግንቦትና በሰኔ ቀን ላይ ከ35 ዲግሪ ታልፋለች። ብዙ አምራቾች ደግሞ ላፕቶፑ የሚሠራበትን የአየር ሙቀት እስከ 35 ዲግሪ ብለው ነው የሚጽፉት። ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ሲግል ቤት ውስጥ ያለው ሙቀት ስንት እንደሚሆን ለእናንተ አልነግርም።

በዚህ በኩል አዲሱ ሴሌሮን አንድ ብልጫ አለው። የሚበላው ኃይል ትንሽ ነው፤ የፕሮሰሰሩ መለኪያ 6 ዋት ሲሆን የኮር አይ ፋይቩ 15 ዋት ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ ፌን የላቸውም፣ ድምፅም አያሰሙ፣ አቧራም አይስቡ። ችግሩ ሲግሉ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን መቀነሳቸው ነው፤ ቀድሞም ያነሰው ፍጥነት ይብሱን ያንሳል።

ያገለገለው ፌን አለው፣ ውስጡም የዓመታት አቧራ ሊኖር ይችላል፣ ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው፣ ሙቀቱን የሚያስተላልፈው ቅባት (ተርማል ፔስት) ደርቆ ሊሆን ይችላል። አቦ፣ ይኼን እንደ ተጨማሪ ወጪ አትዩት። ድሬ ላይ ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ቤቱ ሳይገባ ጥገና ቤት ጎራ ብሎ ፌኑን ማስጸዳትና ፔስቱን ማስቀየር አለበት፣ ብሩንም ከመጀመሪያው በጀቱ ውስጥ ይያዝ። ከዚያ በኋላ መጅሊስ ፍራሽ ላይ አስቀምጣችሁ አትጠቀሙበት። የአየር ማስገቢያው ከታች ነው፣ ፍራሹ ይደፍነዋል። ትሪ ወይም ሰፊ መጽሐፍ ከሥሩ አድርጉለት። ሐረር ያላችሁ በዚህ ረገድ ይቀልላችኋል፣ ከድሬ 600 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትሉ አየሩ ቀዝቀዝ ይላል።

መብራት ሲጠፋ

የባትሪው ነገር ላይ አዲሱ በግልጽ ይበልጣል። ባትሪው አዲስ ነው፣ ማሽኑም ትንሽ ነው የሚበላው፣ መብራት ሄዶ እስኪመለስ ያደርሳችኋል። ያገለገለው ባትሪ ዕድል ነው፤ ሦስት ሰዓት የሚሄድም አለ፣ ሃያ ደቂቃ የማይሞላም አለ። ሙቀት ደግሞ የሊቲየም ባትሪን ቶሎ ያደክማል። ዕድል መሆኑን ለመቀነስ ሻጩን የባትሪ ሪፖርት እንዲያወጣላችሁ ጠይቁት፣ ዊንዶውስ ራሱ ያወጣዋል፣ ማንኛውም ባለሙያ ያውቀዋል። ሪፖርቱ ላይ ሁለት ቁጥር ታያላችሁ። አንዱ ባትሪው አዲስ ሳለ የነበረው አቅም ነው፣ ሌላው አሁን ሲሞላ የሚይዘው። የአሁኑ ከመጀመሪያው ከ70 በመቶ በታች ከወረደ ወይ ዋጋ አስቀንሱ፣ ወይ ባትሪ ይቀየርልን በሉ።

ከሦስቱ የትኛው?

ገበያ ላይ በብዛት የሚታዩት የ8ኛ ጄኔሬሽን ማሽኖች ላቲቲውድ 7490፣ ኤሊትቡክ 840 ጂ 5 እና ቲንክፓድ ቲ 480 ናቸው። ሦስቱም ባለ 14 ኢንች፣ ሦስቱም እ.ኤ.አ. በ2018 የወጡ፣ ሦስቱም ሁለት የራም ቦታና የሚቀየር ኤስኤስዲ ያላቸው ናቸው። ዛሬ 8 ጊጋ ራም ያለውን ገዝታችሁ ነገ ሌላ 8 መጨመር ትችላላችሁ። ከሴሌሮኑ ጋር ያለው ትልቁ ልዩነት ለእኔ ይኼ ነው።

እኔን ብትጠይቁኝ ቲ 480ን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ሁለት ባትሪ ነው ያለው። አንዱ ውስጥ ነው፣ ሌላው ከኋላ በእጅ የሚወልቅ ነው፣ ማሽኑ ሳይጠፋ የኋላውን አውጥታችሁ ሌላ መክተት ትችላላችሁ። መብራት ለሚጠፋበት ከተማ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። ኪቦርዱም ብዙ ለሚጽፍ ሰው ምርጥ ነው። ድክመቱ ስክሪኑ ነው። አንዳንዱ ዝቅተኛ ጥራት ያለው ስክሪን ይዞ ነው የመጣው፣ ስለዚህ ፉል ኤችዲ መሆኑን አረጋግጡ። ስሙ ላይ ኤስ የተጨመረበት ቲ 480 ኤስ ደግሞ ሌላ ማሽን ነው፤ ቀጭን ነው፣ ግን ከኋላ የሚወልቅ ባትሪ የለውም።

ኤሊትቡኩ ከሦስቱ በመልክ ያምራል፣ አካሉ አሉሚኒየም ነው። ግን ስክሪኑን ከጎን ሆናችሁ እዩት። አንዳንዶቹ "ሹር ቪው" የሚባል፣ ጎን ያለ ሰው እንዳያይ የሚያጨልም ስክሪን አላቸው። ለቢሮ ምስጢር ጥሩ ነው፣ ቤተሰብ ተሰብስቦ ፊልም ለሚያይበት ቤት ግን አይሆንም። ላቲቲውዱ ብዙ የሚነቀፍበት የለም፣ ጥሩ ዋጋ ካገኛችሁ ውሰዱት።

ክሮምቡክ የሚባለው፣ በዊንዶውስ ፈንታ የጉግል ሲስተም ያለበት ላፕቶፕም በርካሽ ይመጣል፣ ብዙውን ጊዜ የውጭ ትምህርት ቤቶች የተጠቀሙበት። ለቤት አልመክረውም። አብዛኛው ሥራው ኢንተርኔት ላይ የተመሠረተ ነው፣ ዳታ ሲያልቅ ጥቅሙ ይቀንሳል፣ የዊንዶውስ ፕሮግራም አይጭንም፣ አፕዴት የሚያቆምበት ቀንም ተወስኖለታል። ከትምህርት ቤቱ መዝገብ ሳይወጣ የተሸጠ ከሆነ ደግሞ በራሳችሁ አካውንት አያስገባችሁም።

ሱቅ ውስጥ፣ ብር ከመክፈላችሁ በፊት

አትቸኩሉ፣ ሻጩ ቢቸኩል እንኳ። መጀመሪያ አጥፍታችሁ አብሩትና ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ሴቲንግ) ውስጥ ግቡ፤ ሲበራ የሚጫነው ቁልፍ ዴል ላይ ኤፍ 2፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 10፣ ሌኖቮ ላይ ኤፍ 1 ነው። ፓስወርድ ከጠየቃችሁ ተዉት፣ "በኋላ እናስፈታዋለን" የሚለውን አትስሙ። ቀጥሎ ዊንዶውሱ ሪሴት ተደርጎ፣ ከኢንተርኔት ጋር እንደተገናኘ፣ እንደ አዲስ ሲነሳ ማየት አለባችሁ፤ የአንድ ድርጅት ስም አምጥቶ የሠራተኛ ኢሜይል ከጠየቀ ማሽኑ ገና ከዚያ ድርጅት አልተላቀቀም ማለት ነው።

ከዚያ ኖትፓድ ከፍታችሁ እያንዳንዱን ቁልፍ ጻፉበት። ከጀርመን የመጣ ከሆነ ዋይና ዜድ ቦታ ተለዋውጠው ታገኟቸዋላችሁ፣ ላያቸው ላይ ስቲከር ተለጥፎ ሊሆንም ይችላል። ልጅ ታይፕ የሚለምድበት ከሆነ ይቅርባችሁ። ነጭ ገጽ ከፍታችሁ ስክሪኑ ላይ ጥቁር ነጥብ ወይም የተጫነ ቦታ እንደሌለ እዩ። ክዳኑን ደጋግማችሁ ክፈቱ ዝጉ፣ ማጠፊያው ከላላ ከጥቂት ወር በኋላ ስክሪኑን ይዞት ይሄዳል። ዩትዩብ ላይ ቪዲዮ ከፍታችሁ አሥር ደቂቃ ያህል ይጫወት፣ ድምፁን፣ ካሜራውን፣ ዋይፋዩን፣ የፌኑን ጩኸት አብራችሁ ታያላችሁ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ይዛችሁ ብትሄዱ የኤስኤስዲውን ጤንነት በመቶኛ ይነግራችኋል። ዋስትናውን ደግሞ በቃል አትቀበሉ። ደረሰኙ ላይ የማሽኑ ሲሪያል ቁጥርና የዋስትናው ጊዜ ይጻፍ።

ይህን ሁሉ የሚያይላችሁ ሰው ከሌለ፣ ወይም "ያገለገለ ዕቃ ቤቴ አይገባም" ካላችሁ፣ አዲስ ግዙ። ግን ኤን 4020ውን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ኢንቴል ኤን 100 ባለ 4 ኮር ነው፣ እሱም 6 ዋት ነው የሚበላው፣ ከአሮጌዎቹ ሴሌሮኖች በጣም ይሻላል። ከ8 ጊጋ ራምና ከ256 ጊጋ ኤስኤስዲ ጋር ካገኛችሁት ለቤት ሥራ ይበቃል፣ ለድሬ ሙቀትም ይመቻል። አዲሱ 4 ጊጋና 64 ጊጋ ብቻ ከሆነ ግን፣ ምንም ያህል ቢያብረቀርቅ፣ ትንሽ ታገሱና ብር ጨምራችሁ ተመለሱ።