ውሾቼን በግቢያቸው ላኖሩልኝ የደብረ ብርሃን አናጢ

ይህን የምጽፈው አንድ አናጢ ለማመስገን ነው። ደብረ ብርሃንና ዙሪያዋ ያላችሁ፣ ውሻችሁ አጥር እየዘለለ ወይም ከሥር እየቆፈረ እንቅልፍ ከነሳችሁ ታግሳችሁ አንብቡልኝ።

ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል። «ሰው ይበዛብኝና ቃሌን አጥፋለሁ» ነው ያሉኝ። ስለዚህ ቤት ውስጥ እንደምንጠራቸው ጋሼ እላቸዋለሁ።

ሁለት ውሾች አሉኝ፣ ወንድማማቾች ናቸው። አንበሴ እግረ ረጅም ነው፣ ይዘላል። ቡቺ አጭርና ደረተ ሰፊ ነው፣ ይቆፍራል። በአንድ ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደወጡብኝ መቁጠር ትቻለሁ። እዚህ አገር ደግሞ ውሻ ወጣ ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ከኋላችን ያሉት እማማ በግ ያረባሉ። አንድ ቀን አንበሴ መንጋው ውስጥ ገባና ያረገዘች በግ አሯሯጠ። በማግስቱ ጨነገፈች። ካሳውን ከፈልኩ። እማማ አልተቆጡኝም፤ ዝም ብለው ነው ያዩኝ። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ይከብደኛል። ቡቺ ደግሞ ወደ ደሴ የሚወስደው አስፋልት ላይ ወጥቶ መኪና እግሩን ሰበረው። በዚያ መንገድ ሌሊቱን ሙሉ ከባድ መኪና አይቋረጥም። በሕይወት መትረፉ ራሱ የእግዚአብሔር ሥራ ነው።

መጀመሪያ ያደረግኩት ማሰር ነበር። እባካችሁ አታድርጉት። አንበሴን በረጅም ሰንሰለት አጥሩ አጠገብ አሰርኩት። ማታ የሲቃ ድምፅ ሰምቼ ስወጣ ግቢው ውስጥ የለም። ሰንሰለቱ በቆርቆሮው ላይ ተወጥሯል። በወዲያ በኩል ዞሬ ስሮጥ በአንገቱ ተንጠልጥሏል፣ የኋላ እግሮቹ ጥፍር ብቻ መሬት ይነካል። አቅፌ ከፍ አድርጌው እየጮህኩ ወንድሜ መጥቶ ፈታልኝ። ትንሽ ብንዘገይ ኖሮ አንበሴ የለም ነበር።

ከዚያ ሰው አመጣሁ። ቆርቆሮውን አስረዘመ፣ ከላይ እሾሃማ ሽቦ ዘረጋ፣ ደህና ገንዘብ ተቀበለና ሄደ። አንበሴ በሳምንቱ ታፋውን ተተልትሎ ወጣ። ቡቺን ደግሞ የአጥሩ ቁመት አይመለከተውም፤ እሱ ከሥር ነው የሚሄደው።

ጋሼን ያገኘኋቸው በሥራ ባልደረባዬ በኩል ነው። ግንቦት ላይ መጡ፣ መሣሪያ እንኳን አልያዙም። «በየት በኩል ነው የሚወጡት?» አሉኝ። «በአጥሩ» አልኳቸው። «ልጄ፣ አጥሩ 40 ሜትር ይሆናል። የትኛው ሜትር ላይ?» አሉ። መልስ አልነበረኝም። ያን ሁሉ ገንዘብ ሳወጣ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም።

«ማታ ከምድጃሽ አመድ አውጪና በአጥሩ ሥር ከዳር እስከ ዳር ነስንሺ። ጠዋት እመጣለሁ።» ይህን ብለው ሄዱ።

ጠዋት ሁለቱም ውሾች የሉም። እኔ ላለቅስ ስል ጋሼ አመዱን እያዩ ቀስ ብለው ይሄዳሉ። የአንበሴ ዱካ የኩበቱ ክምር ጋ ሲደርስ ጠፋ። የቡቺ ደግሞ ጥግ ላይ አንድ የተሰነጠቀ ቦታ ድረስ ሄደ። ከዚያ ወዲያ የለም። ውሾቹን ከሰዓት በኋላ ከገበያው አካባቢ አመጣናቸው፤ ሥራውም በማግስቱ ተጀመረ።

የአንበሴ ነገር እንዲህ ነበር። ለክረምት ብለን የከመርነው ኩበት አጥሩን ተደግፏል። እሱ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ ማገሩን ይረግጣል፣ ከዚያ ውጭ ነው። የብዙዎቻችን አጥር እንዲህ ነው፦ ቆርቆሮው በውጭ በኩል ይመታል፣ ማገሩ ወደ ግቢው ይቀራል። ለውሻ መሰላል አቁመንለታል ማለት ነው። ጋሼ ክምሩን ከአጥሩ ሁለት ሜትር አራቁት። ይህ ሳንቲም አላስወጣም። ከዚያ ቆርቆሮውን ነቅለው በውስጥ በኩል መልሰው መቱት። አሁን ከግቢው በኩል ልሙጥ ነው፣ እግር የሚያሳርፍበት የለም።

እሾሃማውን ሽቦም አወለቁት። «ይህ የሚያቆስለው የራስሽን ውሻ ነው» አሉኝ። በምትኩ ጠንካራ ሽቦ በቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አሳልፈው፣ ወፍራም ቱቦ በላዩ አለበሱና በአጥሩ ጫፍ ላይ ዘረጉት። ውሻ አጥር ሲዘል በአንዴ አይሻገርም። የፊት እግሮቹን ጫፉ ላይ ያቆላልፍና ገላውን ይስባል። ቱቦው ግን እግሩ ሲያርፍበት ይሽከረከራል። አንበሴ ሁለት ቀን ሞከረ፣ ተንሸራቶ ወረደ፣ ተወው። አንዲት ጭረት እንኳን አላገኘችውም።

የቡቺ ከባድ ነበር፣ ምክንያቱም ጥፋቱ የአፈሩ ነው። ግቢያችን መረሬ ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል። ቋሚው ባህር ዛፍ ይንጋደዳል፣ ከቆርቆሮው ሥር ክፍተት ይፈጠራል። ቡቺ ጭንቅላቱን ካስገባ ገላው ተከትሎ ይገባል። እኔ ዙሪያውን ሲሚንቶ እንዲሞሉልኝ ጠይቄ ነበር። ጋሼ እምቢ አሉ። «መረሬ ላይ ስስ ሲሚንቶ ክረምቱን አይሻገርም፣ ይሰነጠቃል። ገንዘብሽን አልበላም።» እንዲህ የሚል ሠራተኛ ስንቶቻችሁ አጋጥሟችኋል?

ያደረጉት ይህ ነው። ጠንካራ የአጥር መረብ ሽቦ ገዛን። የዶሮ ሽቦውን አልፈለጉትም፤ ስስ ነው፣ ቶሎ ይዝጋል፣ ውሻም በጥርሱ ይበጥሰዋል። መረቡን በማዕዘን አጠፉት። አንዱን ጎን ከአጥሩ እግር ጋር አሰሩት፣ ሌላውን 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ግቢው ውስጥ አስተኙት። አንድ ስንዝር አፈር ከላዩ አለበሱ፣ በላዩ ጥቁር ድንጋይ ደረደሩ። ውሻ የሚቆፍረው አጥሩ እግር ሥር ነው። መረቡን ሲያገኝ ወደ ኋላ 60 ሳንቲ ሜትር ርቆ መጀመር አያስብም። አፈሩ ቢያብጥም ቢሰነጠቅም መረቡ አብሮ ይተጣጠፋል እንጂ አይሰበርም። ክረምቱ አልፎ አሁን ኅዳር ነው። ቡቺ የተወሰኑ ቦታዎች ጫር ጫር አድርጓል፣ ከዚያ ወዲያ አልሄደም።

በሩንም አልረሱትም። ሰው ሲገባ በእግሩ መሀል ሾልከው መውጣት ለምደው ነበርና ከዋናው በር በስተውስጥ አንድ ትንሽ የእንጨት በር ጨመሩ፣ ሞላ አድርገውበት በራሱ ይዘጋል። መወርወሪያውን ከፍ አድርገው ነው የሰቀሉት፣ ምክንያቱም አንበሴ የድሮውን በአፍንጫው እየገፋ መክፈት ተምሯል። አሁን አንዱ በር ሳይዘጋ ሌላው አይከፈትም። ልጆቼም ለመዱት።

ሲጨርሱ የነገሩኝ ነገር አለ። ሙሉ ቀን ሥራ ፈቶ የሚውል ውሻ ዛሬ ባይሆን ነገ ሌላ ቀዳዳ ያገኛል አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ማለዳ በገመድ ይዤ አንሸራሽራቸዋለሁ። ቡቺ መብረቅ ሲሰማ እንደሚያብድና ብዙ ጊዜ ያኔ እንደሚቆፍር የገባኝም እሳቸው ሲጠይቁኝ ነው። ከትርፍራፊ ጣውላ ከመሬት ከፍ ያለ የውሻ ቤት ሠሩለት፣ ጭድ ሞላንበት። ሲነጎድ እዚያ ይገባል። ለአሁኑ ውርጭም ሆነው። አንበሴን ደግሞ እንስሳት ሐኪም ዘንድ ወስጄ አኮላሸሁት። ሴት ፍለጋ ሌሊት መዞር በጣም ቀንሷል።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። አጥር ቢኖራችሁም ውሻችሁን በየዓመቱ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስከትቡ። ሰው ከነከሰ ቁስሉን ወዲያውኑ በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ውሻው ተከትቧል ብላችሁ አትዘናጉ።

ዋጋን በተመለከተ፣ ለእሳቸውና ለረዳታቸው ለስድስት ቀን 12,000 ብር የእጅ ዋጋ ከፈልኩ። ቆርቆሮው የራሴ ነበር፣ አዲስ የገዛሁት መረቡን፣ ቱቦውን፣ ሞላውንና ሚስማር ብቻ ነው። የተረፈውን ሚስማር እንኳን ቆጥረው መልሰውልኛል። ጉድለታቸውንም ልንገራችሁ፤ ፈጣን አይደሉም። በ12 በሚካኤል፣ በ21 በማርያም አይሠሩም። ሁለት ሳምንት ጠብቄያቸዋለሁ። ለእኔ ግን ከዚያም በላይ የሚጠበቁ ሰው ናቸው።

እማማ ባለፈው ሳምንት ቡና ጠርተውኝ ነበር። በጎቻቸው በአጥሬ ሥር ሲግጡ አንበሴ ከውስጥ ሆኖ ይጮሃል። እሳቸው ቀና ብለውም አላዩት።

ጋሼ፣ ይህን ልጅዎ እንደሚያነብልዎ አውቃለሁ። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። እጅዎ ይባረክ።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሳቸውን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ከመደወላችሁ በፊት ግን አንድ ማታ አመድ ነስንሳችሁ እደሩ። መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።