የፀሐይ ምድጃዬ ክረምቱን ሙሉ ሥራ ፈትቶ ከረመ

ሳህን የሚመስለውን የፀሐይ ምድጃ የገዛሁት ባለፈው ኅዳር ነው። ወርዱ አንድ ሜትር ተኩል ነው፤ ውስጡ በሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ተለብጧል፤ ድስቱ መሃል ላይ ይቀመጣል። ሻጩ «ዓመቱን ሙሉ ይሠራል፤ ሞሮኮ መብራት የምታመነጨው በዚሁ ነው» አለኝ። ይኸው ነሐሴ ገባ፤ ክረምቱ ከጠና ወዲህ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ግቢዬ ውስጥ ሻይ እንኳ አላፈላልኝም።

ዕቃው አልተበላሸም። መስታወት አንድ ቦታ ላይ ሊሰበስብ የሚችለው በቀጥታ የሚመጣውን የፀሐይ ጨረር ብቻ ነው። ደመና ጨረሩን ሲበትነው ቀኑ ብሩህ ቢሆንም ድስቱ አይሞቅም። የጎረቤቴ ሶላር ፓነል የተበተነውንም ብርሃን ስለሚጠቀም በዚሁ ደመና፣ ኃይሉ ቢቀንስም፣ ስልክ ይሞላል። የባሕር ዳርን ሐምሌ ደግሞ ሻጩ አያውቀውም አይባልም፤ ሱቁ እዚሁ ነው!

ሞሮኮንማ ባያነሳብኝ ይሻለው ነበር። እዚያ ያለው የዋርዛዛቱ ኑር የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ጣቢያ የተተከለው በረሃ ጥግ ነው። በመስታወት የሚሠራው ክፍሉ 510 ሜጋ ዋት አቅም አለው፤ የተሰበሰበው ሙቀት ውሃ አፍልቶ በእንፋሎቱ ተርባይን ያዞራል፤ የተረፈው በቀለጠ ጨው ውስጥ ተከማችቶ ከመሸም በኋላ ለሰዓታት ያሠራል። የእኔ ምድጃ ሙቀት የሚያቆይበት ምን አለው? ወጪውም ቢሆን ሌላ ነው። እንደ ኑር በመስታወት የሚሠራው፣ 392 ሜጋ ዋት አቅም ያለው የካሊፎርኒያው ኢቫንፓ ጣቢያ 2.2 ቢሊዮን ዶላር ፈጅቷል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2017 ዱባይ ላይ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት በ7.3 የአሜሪካ ሳንቲም ለማቅረብ ውል ሲገባ ለዚህ ዓይነቱ ኃይል ትልቅ ቅናሽ ነበር። ይህን ሁሉ ያወጡት ሰዎች መጀመሪያ ያዩት ሰማዩን ነው።

ይሁን እንጂ አልሸጠውም። በጋውን በሙሉ ሽሮውም፣ ምስሩም፣ የጣና ዓሣ ወጡም በእሱ ነው የበሰለው፤ መብራት በጠፋ ቀን ከሰል ፍለጋ አልወጣሁም። እንጀራ አይጋግርም፤ ፀሐይ በዞረች ቁጥር አብሮ መዞር አለበት፤ ይህን ሻጩም አልደበቀኝም። የሚያንገበግበኝ ያ «ዓመቱን ሙሉ» የሚለው ቃል ነው፤ ከሰል አቁሞ በእሱ ብቻ ሊኖር ያሰበ ቤተሰብ ሐምሌ ላይ ምን ይቀምሳል? «ይህ የበጋ ምድጃ ነው፤ ለክረምት ሌላ ያዙ» ብሎ ይሽጥ፤ ያኔ ገዢ እኔው ራሴ አመጣለታለሁ።