የአክሱም ሐውልቶች፦ ከቡድን ጋር ወይስ ከራስ አስጎብኚ ጋር?
ለአክሱም ግማሽ ቀን ብቻ ላለው ሰው ከቡድን ጋር መዞር ወጪ ይቆጥባል። ገንዘብ ለሚያጥረው ተማሪ ይህ በቂ ምክንያት ነው። እኔ ግን ሁለት ሰዓት ብቻ ቢሆንም የራስ አስጎብኚ መያዝን እመርጣለሁ።

33 ሜትር ገደማ የሚረዝመው ታላቁ ሐውልት ወድቆ፣ ተሰባብሮ ተጋድሟል። ቡድን ፎቶ አንስቶ ያልፈዋል። የራሱን አስጎብኚ የያዘ ሰው ግን ጎንበስ ብሎ ቅርጹን ይመረምራል፤ በድንጋዩ ላይ የተፈለፈሉት መስኮቶችና በተርታ የወጡት ክብ የግንድ ጫፎች አክሱማውያን ድንጋይና እንጨት አጣምረው ቤት እንዴት ይሠሩ እንደነበር ይናገራሉ። እንዲህ ያለው ነገር በጥድፊያ አይታይም!

እ.ኤ.አ. በ1937 ወደ ሮም ተወስዶ በ2005 የተመለሰው፣ በ2008 ዳግም የቆመው ሐውልት ዘንድም ጥያቄ ይበዛል፤ አስጎብኚው የእርስዎ ከሆነ እስኪጠግቡ ይጠይቁታል። በግእዝ፣ በሳባ ፊደልና በግሪክኛ የተጻፈውን የንጉሥ ኢዛና ድንጋይም ሳይቸኩሉ ያያሉ።

ከአረጋውያን ጋር ከሆኑማ ምርጫው አያከራክርም፤ ሲደክማቸው ጥላ ሥር ያርፋሉ፣ የሚጠብቃቸው ቡድን የለም። ዋጋውንና የሚያዩአቸውን ቦታዎች ግን አስቀድመው ይነጋገሩ።