ለጓሳ ስካውቶችና የካምፕ ሠራተኞች ምስጋና፤ ከነልጆቻችሁ ለምትወጡ ደግሞ ጥቆማ

ይህ ምስጋና በመንዝ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥበቃ ቦታ ለሚሠሩት ስካውቶች (የጥበቃ ሠራተኞች) እና አስጎብኚዎች፣ ለምግብ አብሳዩና ዕቃ ለሚጭኑልን ባለበቅሎዎች ይድረስ። ሥራው የአንድ ሰው ስላልሆነ ስም አንጠራም። ከልጆች ጋር ድንኳን ውስጥ ለማደር ያሰበ ሰው ግን ያለ እነሱ ባይወጣ እንመክራለን።

ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ውርጫም አገር ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ይላል፤ የቀኑ ፀሐይ ሰውን ያዘናጋና ሌሊት ብርዱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ስካውቱ መጀመሪያ የሚያየው ድንኳኑ የሚተከልበትን ቦታ ነው። ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ወደ ረባዳው ወርዶ ስለሚተኛ፣ ለጥ ያለው ሜዳ ምንም ቢያምር አያስተክላችሁም። ትንሽ ከፍ ያለ፣ ከምሥራቁ ገደል ግን በደንብ የራቀ ቦታ ይመርጣል። ከዚያ በኩል ጉም ድንገት ይነሣና ጥቂት እርምጃ ፊት ያለው እንኳ አይታይም፤ ልጅ ይዞ ገደል አጠገብ መስፈር ስለዚህ የማይታሰብ ነው።

ቀጥሎ ካስማው። የጓሳ ሣር የበቀለበት አፈር እንደ ስፖንጅ ስለሚለሰልስ ቀጥ ብሎ የተመታ ካስማ ነፋስ ሲመጣ ተነቅሎ ይወጣል። እነሱ በሁለት የሣር ጉብታ መካከል ያለውን ጠንካራ አፈር ፈልገው፣ የካስማውን ራስ ከድንኳኑ ወደ ውጭ አዘንብለው ይመታሉ፤ በላዩም ድንጋይ ይጭኑበታል። የላይኛው ሸራ የውስጡን ጨርቅ እንዳይነካ ገመዱን ይወጥሩታል። ቤተሰብ በብዛት የሚሳሳተው ብርዱን ፈርቶ የአየር መግቢያውን ሁሉ በመዝጋት ነው። የአምስት ሰው ትንፋሽ ጣሪያው ላይ ውርጭ ሠርቶ ያድርና ፀሐይ ስትወጣ ልብስና ፍራሹ ላይ ይንጠባጠባል። ከላይ በኩል አንድ መስኮት በጥቂቱ ይከፈት።

ብርዱ የሚመጣው ደግሞ ከላይ ሳይሆን ከመሬት ነው። ሦስት ብርድ ልብስ ደርቦ ከሥር ቀጭን ምንጣፍ ያነጠፈ ሰው እንቅልፍ አይወስደውም። መጀመሪያ ላስቲክ፣ ቀጥሎ ፍራሽ፣ ከዚያ የመንዝ ባና፤ የበግ ጠጉር ስለሆነ ቢረጥብ እንኳ ሙቀት ይይዛል። ለልጆች እግር የሞቀ ውኃ የሚሞላው ክዳኑ በሚጠብቅ የብረት ኮዳ ነው። የሃይላንድ ፕላስቲክ ፍል ውኃ ሲገባበት ተኮማትሮ ያፈሳል። ድንኳን ውስጥ ከሰል ማስገባት ግን ፈጽሞ አይሞከርም። ጭሱ የጠፋ የሚመስል ፍም ሽታ የሌለው መርዝ አየር ያወጣል፤ ስካውቶቹም በዚህ ጉዳይ ልመና አይሰሙም፤ ትክክል ናቸው።

አብሳዩን ለብቻው ማመስገን ይገባል። በዚያ ከፍታ ውኃ የሚፈላው 89 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ሽንብራና ባቄላ ቶሎ አይበስልም። ከቤት የተቀቀለ ንፍሮ፣ በሶ፣ ቆሎና ድርቆሽ ይዛችሁ ብትሄዱ ጋዝ ይተርፋችኋል። የጋዙን ቆርቆሮ ሌሊት በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ያሳድረዋል፤ ውጭ ካደረ ጠዋት ነበልባሉ ይደክማል። የምንጭ ውኃ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ ያስንተከትከዋል። ለአምስት ሰው ለመጠጥና ለምግብ በቀን አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ያዙ። ምግብ ድንኳን ውስጥ አታሳድሩ፤ ጓሳ አይጥ የበዛበት አገር ነው፣ ሸራውን በልተው ይገባሉ።

አይጡ መብዛቱ ለቀይ ቀበሮው ሲሳይ ነው። እዚያው ጓሳ ላይ የተደረገና በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ቀበሮው በጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ መካከል ሆኖ ሲያድን 67 በመቶ፣ ብቻውን ሲያድን 25 በመቶ ያህል እንደሚሳካለት አሳይቷል። ስለዚህ አስጎብኚው ቀበሮ ፍለጋ ሲያወጣችሁ ጭላዶቹን ይከተላል። ጠዋት ከገደል ወጥተው ሣር ሲግጡ፣ ልጆቹን ራቅ አድርጎ ያስቀምጣቸዋል፤ የቆመ ሰው ያስፈራቸዋልና። ዳቦ መወርወር ክልክል ነው። ውሻ ይዞ መሄድም እንዲሁ፤ የእብድ ውሻ በሽታና ዲስተምፐር የሚባለው ሌላ የውሻ በሽታ ከውሻ ወደ ቀበሮ ይተላለፋል። ሣር አጭዶ ማንጠፍም አይቻልም። ይህን ሣር የአካባቢው ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ለዓመታት እየዘጋ፣ በጋራ ደንብ እየከፈተ ጠብቆታል፤ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ቢፈርስም ማኅበረሰቡ ጥበቃውን መልሶ አቋቁሟል።

ከፍታው ሕፃናትን ሊያስቸግር ይችላል። ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ከመውጣት ደብረ ብርሃን አንድ ሌሊት ማደር ይሻላል። የመጀመሪያው ቀን ረጅም መንገድ አይኬድ። ራስ ምታት ከማስታወክ ጋር ከመጣ ክኒን ውጦ መጠበቅ ዋጋ የለውም፤ ወዲያው ወደ ታች መውረድ ነው። ስካውቶቹ ይህን ያውቃሉ፣ መኪናውም ወደ መንገዱ ዞሮ እንዲቆም ያደርጋሉ።

ቦታው ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ቀድማችሁ ስትደውሉ የልጆቹን ዕድሜና የዕቃውን ክብደት ንገሯቸው፤ የበቅሎ ብዛት የሚወሰነው በዚያ ነው። ክፍያውን ቢሮ ገብታችሁ በደረሰኝ ክፈሉ፤ ጉርሻ ለየብቻ፣ በእጅ። ድንኳን ከአከራይ የምትወስዱ ከሆነም እዚያው ሱቁ ደጃፍ ዘርግታችሁ ካስማውን ቁጠሩ፤ አሥራ ሁለት ሊሆን የሚገባው ሰባት ሆኖ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ነው።